የቴሲጀር ስም በወሎ፤ የቤተ ዘመድ ስም ለታሪክ ተመራማሪ የሚያሳየውና የሚሰውረው

ከደሴ ከተማ በስተሰሜን የሚገኘው ቦሩ ሜዳ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሣው በ1870 ዓ.ም. (1878) በተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በዚያ ጉባኤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለብዙ ዘመን የቆየው የልደት ክርክር በተዋሕዶ ወገን ተፈጸመ፤ ቀጥሎም የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ታዘዘ። ለሥነ መለኮት ተማሪ የጉባኤው ፍሬ ነገር ክርክሩ ነው። የሕዝብን ልማድ ለሚያጠና ተማሪ ግን ከክርክሩ የማያንስ ሌላ ነገር በዚያ ተፈጽሟል፤ ይኸውም የስም ለውጥ ነው። የኢማም አሊ አባ ቡላ ልጅ መሐመድ አሊ ዐፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆነውላቸው ሚካኤል ተባሉ። በፈረስ ስማቸው አባ ዋጠው የሚባሉት ኢማም አመዴ ሊበንም ምኒልክ የክርስትና አባት ሆነውላቸው ኃይለ ማርያም ተባሉ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በዚያው በ1878 በእንግሊዝ አገርም አንድ የስም ለውጥ ሆነ። ጄኔራል ፍሬደሪክ አውጉስተስ ቴሲጀር አባቱ በጥቅምት ወር ስለ ሞተ ማዕርጉን ወርሶ ሁለተኛው ሎርድ ቼልምስፎርድ ተባለ። ይህ ሰው ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ ከኔፒየር ጦር ጋራ ወደ መቅደላ የዘመተ ነው። እንግዲህ ከወሎ ምድር ታሪክ ጋራ የተሳሰሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በሌላ ስም ተጠሩ። ነገር ግን የሁለቱ ስም በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የደረሰበት ዕጣ አንድ አልሆነም። የመቅደላው ቴሲጀርና በጥር 1879 ኢሳንድልዋና ላይ የጦር ሠፈሩ በዙሉዎች የተደመሰሰበት ቼልምስፎርድ አንድ ሰው መሆኑን የእንግሊዝ የሕይወት ታሪክ መዝገብ ከአንዱ ስም ወደ ሌላው እየመራ ያስረዳል፤ ምክንያቱም የቤተ ዘመዱ ስም ከማዕርጉ በታች ተጠብቆ ይኖራል። መሐመድ አሊና ንጉሥ ሚካኤል ግን አንድ ሰው መሆናቸውን በፊደል ተራ የተዘጋጀ ማውጫ ከራሱ ሊያውቅ አይችልም። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ካልነገረው በቀር ሁለት ሰዎች ያደርጋቸዋል።

የዚህ ልዩነት ምክንያት ሊመረመር የሚገባው ነው። ብዙ ሰው እንደሚያስበው የቤተ ዘመድ ስም የታሪክን ክር ጠብቆ የሚያቆይ ብርቱ መሣሪያ ነው፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን የሚጠብቀው አንዱን ክር ብቻ ነው። የቴሲጀር ቤተሰብና የወሎ ቤተ መኳንንት አራት ጊዜ ያህል ስለ ተገናኙ፥ ሁለቱን የስም ሥርዐቶች ጎን ለጎን አድርጎ ለመመዘን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ስለ ስሙ

ቴሲጀር የሚለው ስም በእንግሊዝ አገር እጅግ ጥቂት ሰዎች የሚጠሩበት ስም ነው። መሠረቱም የእንግሊዝ አይደለም። ጆን አንድሩ ቴሲጀር የተባለ ሰው በዐሥራ ስምንተኛው ምዕት ዓመት ከጀርመን አገር ከሳክሶኒ መጥቶ የማርኩዊስ ሮኪንግሃም ጸሐፊ ሆነ፤ በ1783ም ሞተ። በታሪክ ስማቸው የሚነሣው ቴሲጀሮች ሁሉ ከዚህ ሰው የወረዱ ናቸው። የስሙ ጥቂትነት ለተመራማሪው ትልቅ ጥቅም አለው። ስሚዝ የሚል ስም በሁለት መዝገብ ላይ ቢገኝ ዝምድናን አያስረዳም፤ ቴሲጀር የሚል ስም በሁለት መዝገብ ላይ ቢገኝ ግን ዝምድናን እንደ ማኅተም ያረጋግጣል።

ከመጀመሪያው ስደተኛ ልጆች አንዱ ሰር ፍሬደሪክ ቴሲጀር በ1801 በኮፐንሀገን የባሕር ጦርነት የአድሚራል ኔልሰን ረዳት ሆኖ የዕርቅ መልእክት ይዞ ወደ ዴንማርኮች የተላከው ነው። የዚህ ሰው የወንድም ልጅ ፍሬደሪክ ቴሲጀር (1794–1878) በልጅነቱ መርከበኛ፥ በኋላም ጠበቃ ሆኖ ሁለት ጊዜ ሎርድ ቻንስለር፥ ማለት የአገሩ ከፍተኛ የዳኝነት ሹም ሆነ፤ የመጀመሪያው ሎርድ ቼልምስፎርድም እሱ ነው። ልጁ ከላይ የተነገረው ጄኔራል ነው። የጄኔራሉ የበኩር ልጅ ከ1916 እስከ 1921 የሕንድ እንደራሴ ሲሆን፥ ሌላው ልጁ ዊልፍሬድ ጊልበርት ቴሲጀር (1871–1920) ከ1909 እስከ 1919 በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር ሆኖ ተቀመጠ። በ1910 በአዲስ አበባ በሌጋሲዮኑ ግቢ የተወለደው ዊልፍሬድ ፓትሪክ ቴሲጀር (1910–2003) የዚህ ሚኒስትር ልጅ ነው፤ የዐረብን ምድረ በዳ ተሻግሮ ስለ ጻፋቸው መጻሕፍት በዓለም ላይ ታዋቂ ሆኗል። ከሌላው የቤተሰቡ ቅርንጫፍ የተገኘው ኧርነስት ቴሲጀር (1879–1961) ደግሞ የቴአትርና የፊልም ተዋናይ ነበር።

ስሙ በወሎ የተገኘበት ጊዜ

የመጀመሪያው ጊዜ 1868 ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን ሰዎች ለማስለቀቅ ጦር እንዲዘምት በ1867 ሲወስን፥ አባትዬው ቴሲጀር ሎርድ ቻንስለር ሆኖ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ልጁ ደግሞ በዘመተው ጦር ውስጥ ምክትል አጁታንት ጄኔራል፥ ማለት የአዛዡን ትእዛዝ የሚያስተላልፍና የሠራዊቱን አስተዳደር የሚቈጣጠር ሹም ሆነ። አባቱ ሹመቱን በየካቲት 1868 ጦሩ ገና በመንገድ ላይ ሳለ አጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሠዉ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በእንግሊዝ አገር ለጄኔራሉ የተወለደው የበኩር ልጅ ፍሬደሪክ ጆን ኔፒየር ቴሲጀር ተባለ። ሦስተኛው ስሙ የመቅደላው ጦር አዛዥ ስም ነው። አዛዡ ራሱም በዚያው ዓመት የመቅደላ ባሮን ኔፒየር የሚል ማዕርግ ተሰጠው፤ ማዕርጉም ለልጅ ልጅ እየተላለፈ እስካሁን አለ። አንድ የወሎ አምባ በእንግሊዝ መኳንንት ስም ውስጥ ገብቶ ሲቀር፥ አምባዋን ከነፍስዋ ጋራ የሚያገናኛት የወሎ ሰዎች ስም ግን በእንግሊዝ መዝገብ ጠርዝ ላይ ብቻ ተጻፈ። ስለ መቅደላ ይገባኛል እያሉ ወደ ኔፒየር ሠፈር የመጡት ሁለቱ የወሎ እመቤቶች ወርቂትና መስታወት በዘመቻው ታሪክ ውስጥ የሚነሡት እንደ አላፊ መንገደኛ ነው። ሆኖም መስታወት በቦሩ ሜዳ የተጠመቁት የኢማም አመዴ ሊበን እናት ናቸው። ይህን ዝምድና የያዘ መዝገብ ቢኖር ኖሮ የ1868ና የ1878 ታሪክ አንድ ታሪክ መሆኑ በግልጽ ይታይ ነበር።

ሁለተኛው ጊዜ 1916 ነው። በዚያ ዘመን ስሙና ወሎ የተገናኙት በወሎ ምድር ላይ ሳይሆን በአዲስ አበባ ነበር። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆኑ። ውጊያው ሳይለይ፥ የራስ ተፈሪ ልጅ ሕፃኑ አስፋ ወሰን በሚኒስትሩ በቴሲጀር ጥበቃ ሥር በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ተቀምጠው ነበር። ከድሉ በኋላ በጃን ሜዳ በተደረገው ሰልፍ ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው በሕዝብ ፊት አለፉ። የሚኒስትሩ ልጅ የስድስት ዓመቱ ዊልፍሬድ ይህን ቆሞ ተመለከተ። ንጉሥ ሚካኤል በ1918 በእስር ላይ ሳሉ ዐረፉ።

ሦስተኛው ጊዜ 1941 ነው። ዊልፍሬድ ቴሲጀር በጎጃም በዊንጌት ሥር ከአርበኞች ጋራ ተሰልፎ ከዘመተ በኋላ፥ ወደ 2,500 የሚሆን የኢጣሊያ ጦር የነበረበት የአጊባር ምሽግ በመያዙ ከፍ ያለ የጦር ኒሻን ተሸለመ። አራተኛውም ከድሉ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፥ በ1943 እና በ1944 ግድም፥ የወሎ ገዥ ለነበሩት ለአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን አማካሪ ሆኖ በደሴ የተቀመጠበት ጊዜ ነው። አባት በሌጋሲዮኑ የጠበቃቸውን ሕፃን ልጁ በደሴ ሊያማክር መጣ ማለት ነው። ሥራው ግን ደስ አላሰኘውም፤ ብዙም ሳይቆይ ለቅቆ ሄደ።

የቤተ ዘመድ ስም የሚሰውረው

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ የቴሲጀርን ስም በመከተል ብቻ የተገኘ ነው። ስሙ እንደ ክር ሆኖ ከ1868 እስከ 1944 ያለውን ነገር አያይዞታል። ይህን የመሰለ ክር የሌለው የኢትዮጵያ ታሪክ ጸሐፊ ቢቀና አይፈረድበትም። ነገር ግን ነገሩ ከሌላው ወገን ቢታይ የሚገኘው ሥዕል ሌላ ነው።

ንጉሥ ሚካኤል ወይዘሮ ስሂንን ወለዱ። ወይዘሮ ስሂን በኋላ እቴጌ የሆኑትን ወይዘሮ መነንን ወለዱ። ወይዘሮ መነን ለራስ ተፈሪ ተድረው አስፋ ወሰንን ወለዱ። ስለዚህ በ1916 ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ለመጠበቅ ሲባል በእንግሊዝ ሌጋሲዮን የተቀመጡት ሕፃን የዚያው የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ልጅ ነበሩ። ወይዘሮ መነን ደግሞ አያታቸው ንጉሥ ሚካኤል፥ አጎታቸው ልጅ ኢያሱ፥ ባለቤታቸው ራስ ተፈሪ ሆነው በሁለቱ ጦር መካከል የቆሙ ሴት ነበሩ። ሰገሌ ላይ የተዋጉት ሸዋና ወሎ ብቻ አልነበሩም፤ በጋብቻ የተሳሰረ አንድ ቤት ነው የተከፈለው። አስፋ ወሰን በኋላ የወሎ ገዥ ሆነው ደሴ በተቀመጡ ጊዜም የሄዱት ወደ እንግዳ አገር አልነበረም፤ በእናታቸው በኩል ወደ ቅድመ አያታቸው ከተማ ነበር።

ይህን የደም መሥመር በቤተ ዘመድ ስም መንገድ መከተል አይቻልም። መሥመሩ በሁለት ሴቶች በኩል ስለሚያልፍ፥ የኢትዮጵያ መኳንንት እንደ እንግሊዞች የቤተ ዘመድ ስም ቢኖራቸው ኖሮ ስሙ በመጀመሪያይቱ ሴት ላይ በተቋረጠ ነበር። የልጅ ኢያሱም ነገር እንዲሁ ነው። የዙፋን መብታቸው የመጣው ከአባታቸው ከወሎው ንጉሥ ሳይሆን የዐፄ ምኒልክ ልጅ ከሆኑት ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋ ረጋ ነው። በአባት ብቻ የሚቈጥር የስም መዝገብ ልጅ ኢያሱ ለምን እንደ ነገሡ ሊያስረዳ አይችልም።

ጉድለቱ በእንግሊዞቹም ቤት አለ። ዊልፍሬድን በሌጋሲዮኑ የወለደችው ካትሊን ሜሪ ቪገርስ ባልዋን አግብታ ቴሲጀር ከተባለች በኋላ የአባትዋ ቤት ስም ከተከታዩ ትውልድ ጠፋ። ዝነኛ ቴሲጀሮችን ለመቍጠር የሚነሣ ሰው ወንዶችን ብቻ ቈጥሮ የሚፈጽመው ከዚህ የተነሣ ነው። ስሙ የቤተሰብ ስም ቢባልም የሚመዘግበው የቤተሰቡን እኩሌታ ነው።

በቦሩ ሜዳ የታየው ሌላ ዝምድናም አለ፤ እሱም የክርስትና አባትነት ነው። ዐፄ ዮሐንስና ምኒልክ የወሎን ሁለት ባላባቶች በየፊናቸው የክርስትና ልጅ ሲያደርጉ የሃይማኖት ሥርዐት መፈጸማቸው ብቻ አልነበረም፤ የወሎን ታማኝነት በመንፈሳዊ ልጅነት ለየራሳቸው ማሰራቸውም ነበር። አዲሱ ስም የዚህ ውል ምልክት ሆነ። ሸህ ጦልሃን የመሳሰሉት መምህራን አዋጁን ተቃውመው ሲሸፍቱም ያልተቀበሉት ይህን ውል ጭምር ነው። በብዙ የወሎ ቤት እስከ ዛሬ የክርስቲያንና የሙስሊም ስም በአንድ የትውልድ ሐረግ ላይ ተከታትሎ መገኘቱ የዚያ ዘመን ብቻ ሥራ ባይሆንም፥ አንዱ ምንጩ ከዚያው ይቀዳል። የእንግሊዝ የቤተ ዘመድ ስም ለዚህ ዐይነት ዝምድና ምንም ስፍራ የለውም።

ስለ ቴሲጀር መጽሐፍ

ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1987 ያሳተመው የሕይወት ታሪክ «ዘ ላይፍ ኦፍ ማይ ቾይስ» ይባላል፤ «የመረጥሁት ሕይወት» እንደ ማለት ነው። መጽሐፉ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ መታሰቢያ የተበረከተ ሲሆን፥ ደራሲው ለኢትዮጵያ ያለውን ፍቅር በየገጹ ያስረዳል። ስለ ሰገሌ ድል ሰልፍ የሚተርከው ክፍል በተለይ ሊመሰገን ይገባዋል። ድል የሆኑትን ንጉሥ በንቀት አልተመለከታቸውም፤ ያ ቀን በሕይወቱ ላይ ያሳደረውን ኀይልም አልሸሸገም። ይሁን እንጂ ክፍሉ እንደ ምስክርነት ሲመዘን ሁለት ነገር መታሰብ ይገባዋል። አንደኛ፥ ትረካው የስድስት ዓመት ልጅ ያየው ሆኖ ከሰባ ዓመት በኋላ የታተመ ነው። ሁለተኛ፥ የሕፃኑ ዐይን የተማረከው በከበሮው፥ በጋሻውና በለምዱ ነው። በሰልፉ ላይ ታስረው የሚያልፉት ሽማግሌ በሌጋሲዮኑ የተጠለለው ሕፃን ቅድመ አያት መሆናቸው ግን በዐይን የሚታይ ነገር አይደለም። ይህን ለማወቅ ሐረግ የሚቈጥር ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመጽሐፉ አርእስትም ለትችት በር ይከፍታል። ደራሲው ሕይወቱን መረጥሁት ቢልም፥ የሕይወቱ በር በብዙ ቦታ የተከፈተለት በስሙ ነው። በ1930 ለዘውድ በዓል በንጉሠ ነገሥቱ የተጠራው የሃያ ዓመት ተማሪ ሳለ ነበር። ተማሪ ለእንዲህ ያለ በዓል የሚጠራው ለራሱ ሥራ ሳይሆን ለአባቱ ውለታ ነው። ከዚያም በ1933 እና በ1934 የአዋሽን ወንዝ እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ ተከትሎ ባደረገው ጉዞ ያሳየው ድፍረት የራሱ ነው፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ሆኖም በ1930 የሆነው ነገር ሌላ ቁም ነገር ያስተምራል። ንጉሠ ነገሥቱ የአባትን ወዳጅነት ለልጁ የቈጠሩት የቤተ ዘመድ ስም ከሌለው ሥርዐት ውስጥ ሆነው ነው። ኢትዮጵያውያን የትውልድን ሐረግ የሚያስታውሱት ስሙ ከልጅ ወደ ልጅ ስለ ተላለፈ አይደለም፤ የማን ልጅ ነው ብለው ስለሚጠይቁ ነው።

ልዩነቱን የሚያሰፋው የመዛግብት አያያዝ ነው። የቴሲጀር ቤተሰብ ደብዳቤውንና ፎቶግራፉን ጠብቆ አቆይቷል። ደራሲው ራሱ ወደ 38,000 የሚሆን የፎቶግራፍ ኔጋቲቭ በኦክስፎርድ ለሚገኘው ለፒት ሪቨርስ ሙዚየም አስረክቧል። ሁሉም በአንድ ስም ሥር ተመዝግቦ ስለሚገኝ ተመራማሪው አይደክምም። የወሎ ሰው ታሪክ ግን በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ጠርዝ ላይ በተጻፉ ማስታወሻዎች፥ በሸሆች ቤት ባሉ የዐረብኛና የዐጀሚ ጽሑፎች፥ በመኳንንት ዜና መዋዕልና በአረጋውያን አንደበት ተበታትኖ ይገኛል። አንዱ ሰው በአንዱ ስፍራ በልደት ስሙ፥ በሁለተኛው በክርስትና ስሙ፥ በሦስተኛው በፈረስ ስሙ፥ በአራተኛው በማዕርጉ ተጽፏል። መሐመድ አሊ፥ ሚካኤል፥ አባ ሻንቆ የሚሉት ሦስት ስሞች የአንድ ሰው ናቸው፤ ራስና ንጉሥ የሚሉት ማዕርጎች ሲጨመሩ ደግሞ ስሙ አምስት መልክ ይይዛል። አስፋ ወሰንም መርዕድ አዝማች፥ አልጋ ወራሽ፥ በስደት ሳሉም ከ1989 ጀምሮ ዐፄ አምኃ ሥላሴ ተብለዋል።

መድኀኒቱ የቱ ነው?

ቀላል የሚመስለው መድኀኒት የቤተ ዘመድ ስምን ከአውሮፓ መዋስ ነው። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. (1960) የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፥ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ደንግጓል። ሕጉ ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ቢሆንም ልማዱ በሕዝቡ ዘንድ አልሠረጸም። እስከ ዛሬ ሰው በየጽሕፈት ቤቱ የሚመዘገበው በራሱ፥ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ሕጉ ያልሠራበትን ምክንያት በሕዝቡ ቸልተኝነት ላይ መጣል ትክክል አይሆንም። ሕጉ ሊሞላው የፈለገው ጉድለት በሕዝቡ ዘንድ እንደ ጉድለት አልተቈጠረም ነበር። ሴት ብታገባም በአባትዋ ስም ትጠራለች እንጂ ወደ ባልዋ ስም አትዛወርም። ጋብቻ ሲታሰብም ዝምድና እስከ ሰባት ቤት በአባትም በእናትም ወገን ይቈጠራል። ይህን የለመደ ሰው አንዱን ወገን ብቻ የሚይዝ ስም ቢቀርብለት ትርፉ አይታየውም።

በሌላው በኩል ደግሞ የአገሩ ሥርዐት ያለ ምንም ጭማሪ ይበቃል ማለት ራስን ማታለል ነው። ሰባት ቤት የሚቈጥረው አንደበት ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። በጽሑፍ ያልተያዘ ሐረግ በሦስት ትውልድ ውስጥ ይደበዝዛል፤ የተመራማሪውም ሥራ ያኔ በውጭ አገር ሰዎች ማውጫ ላይ ብቻ የተመሠረተ ይሆናል። በእነዚያ ማውጫዎች ሲመሩ ደግሞ ቴሲጀሮች አንድ ቤተሰብ ሆነው፥ የወሎ ሰዎች ግን ዝምድና የሌላቸው ነጠላ ሰዎች ሆነው ይታያሉ። ይህ ስሕተት የፊደል ተራ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ታሪክ የሚሠራው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ የተዛባ መልስ ይሰጣል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው የተዋሰ ስም ሳይሆን የስም መዝገብ ነው። መዝገቡ ለእያንዳንዱ ሰው የልደት ስሙን፥ የአባቱንና የእናቱን ስም፥ የክርስትና ስሙን ከክርስትና አባቱ ጋራ፥ የፈረስ ስሙን፥ ማዕርጎቹንም ከተሾመበት ዓመት ጋራ አጣምሮ መያዝ ይኖርበታል። ከአንዱ ስም ወደ ሌላው የሚመራ ምልክትም ያሻዋል፤ ቴሲጀርን ከቼልምስፎርድ ጋራ ያገናኘው ይኸው ምልክት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሥራው ከቦሩ ሜዳ ቢጀመር ተገቢ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከተጠመቁት መኳንንት ጀምሮ በእናትም በአባትም ወገን እየተቈጠረ ቢጻፍ፥ የመቅደላ፥ የሰገሌና የደሴ ታሪክ በወሎ ሰዎች ስም ሊያያዝ ይችላል። የወይዘሮ ስሂንና የወይዘሮ መነን ስምም በመሥመሩ ላይ በየቦታው ይገኛል። ለዚህ ሥራ ከገንዘብ ይልቅ በአማርኛ፥ በግዕዝና በዐረብኛ የተጻፈውን ማንበብ የሚችሉ፥ የሁለቱንም ሃይማኖት አረጋውያን በአክብሮት የሚጠይቁ ተማሪዎች ያስፈልጋሉ።